«ኢንትሬንችድ»፦ ሥር የሰደደ ወይስ የመሸገ?



የትምህርት ዘመኑ ሊዘጋ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ከትልልቅ ተማሪዎቻችን አንዷ ለነፃ የትምህርት ዕድል የጻፈችውን የእንግሊዝኛ ማመልከቻ እንድመለከትላት ይዛ ቢሮዬ መጣች። ጽሑፏ ጥሩ ነበር። ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ ሐሳቡ የተደራጀ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አስቆመኝ። ስለ ማኅበረሰባችን ስታስረዳ፣ በገዳሪፍ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን «ዲፕሊ ኢንትሬንችድ» ናቸው ብላ ጽፋለች።

«ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» አልኳት።

«ሥር የሰደድን ነን ለማለት ነው፣ ቲቸር። አያቴ በእግሯ ነው የመጣችው፤ እናቴም እኔም የተወለድነው እዚሁ ነው። ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ነው ያገኘሁት፤ ሥር የሰደደ ይላል።»

መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም። ልጅቷም ተግታ ነው የፈለገችው። ነገር ግን ያንን ማመልከቻ የሚያነብ ሰው የሚረዳው እሷ ያሰበችውን አይደለም። «እነዚህ ሰዎች ምሽጋቸውን ቆፍረው ተቀምጠዋል፤ ንቅንቅ አይሉም» የሚል ነው የሚመስለው። መሬትና ወሰን ብዙ ሰው ባነጋገረበት በዚህ የድንበር አካባቢ ስለራሳችን እንዲህ ብለን በጽሑፍ ማስፈር ቀላል ነገር አይደለም። ፍቅር ልንገልጽ ብለን ግትርነት ልናወራ እንችላለን።

ያን ዕለት ከእሷ ጋር የተነጋገርነውን ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ በዚህ የዓመቱ መጽሔታችን ላይ አቀርበዋለሁ። ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው። ነገር ግን ስለ ቃሉ ስናወራ ስለራሳችንም የምናወራው ነገር ይኖረናል።

ቃሉ ከየት መጣ?

አስቀድሞ አነባበቡን እናስተካክል። ብዙ ተማሪዎች «ኢንትሬንቼድ» እያሉ መጨረሻውን ያነሡታል። ትክክለኛው አነጋገር ሁለት ክፍለ ቃል ብቻ አለው፤ ጫናው ሁለተኛው ላይ ነው፤ መጨረሻው ላይ የሚሰማውም «ድ» ሳይሆን ለስለስ ያለ «ት» ነው፤ «ኢንትሬንችት» ለማለት ይቀርባል። ሲጻፍ ግን በ«ድ» ስለሚያልቅ እኔም በዚህ ጽሑፍ «ኢንትሬንችድ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

በቃሉ ውስጥ ያለው «ትሬንች» ማለት ረጅም ጉድጓድ፣ ቦይ ማለት ነው። ምንጩ መቁረጥ የሚል ትርጉም ያለው የጥንት ፈረንሳይኛ ግሥ ነው፤ መሬትን ቆርጦ መክፈት እንደማለት። በጦር ሜዳ ወታደር ከጥይት የሚከለልበት ጉድጓድ «ትሬንች» ይባላል። እኛ ምሽግ የምንለው ነው። «ኢንትሬንች» የሚለው ግሥ እንግሊዝኛ ውስጥ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲገባ ትርጉሙ ምሽግ ቆፍሮ መያዝ፣ በአጭሩ መመሸግ ነበር። ስለዚህ «ኢንትሬንችድ» በመነሻው የመሸገ ማለት ነው።

ለእኛ አካባቢ ምሽግ ሩቅ ነገር አይደለም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ሲዋጉ፣ የመሐዲስቶቹ ጦር የጠበቃቸው ዙሪያውን በእሾህ አጥር በታጠረ ዘሪባ ውስጥ መሽጎ ነበር። ዘሪባን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ከብት የሚያድርበት ነው። ከዚያ ከ50 ዓመት በኋላም እዚያው ድንበር ላይ ሌላ ጦርነት ሆነ። ጣሊያኖች በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ገላባትን ያዙ። በጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብሪጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራ የእንግሊዝና የህንድ ጦር ከሱዳን በኩል ተነሥቶ ገላባትን አስለቀቀ። ከወንዙ ማዶ መተማ ላይ የመሸገውን የጣሊያን ጦር ግን ማስለቀቅ አልቻለም፤ ከአየር በቦምብ ሲደበደብ ገላባትንም ትቶ ተመለሰ። ይህን የማነሣው የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። የመሸገን ሰው ማስነሣት ምን ያህል እንደሚከብድ ለማሳየት ነው።

ቃሉን በዓለም ላይ በሰፊው ያሰማው ግን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 በአውሮፓ ምዕራባዊ ግንባር፣ ከሰሜን ባሕር እስከ ስዊዘርላንድ ድንበር ድረስ ሁለቱም ወገኖች ምሽግ ቆፍረው ፊት ለፊት ተፋጠጡ። አብዛኛውን የጦርነቱን ዘመን ግንባሩ እምብዛም ሳይንቀሳቀስ ቆየ። ሰው አለቀ፤ መስመሩ ግን እዚያው ነበር። «ኢንትሬንችድ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ይህ ሥዕል በዓይነ ሕሊናችሁ ይምጣ።

ከምሽግ ወደ ልማድ

ከጊዜ በኋላ ቃሉ ከጦር ሜዳ ወጥቶ ለሐሳብ፣ ለልማድ፣ ለሥርዓትና ለችግር ይነገር ጀመር። አንድን ነገር «ኢንትሬንችድ» ለማለት ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ ነገሩ ቆይቷል። ሁለተኛ፣ ጸንቷል፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሦስተኛ፣ ሊለውጡት ሲሞክሩ ይቋቋማል። ዋናው ሦስተኛው ነው። የቆየ ሁሉ፣ የጸና ሁሉ «ኢንትሬንችድ» አይባልም። የሚገፋው ሰው ሲመጣ እምቢ የሚል ነገር ሲሆን ነው ቃሉ ቦታውን የሚያገኘው።

ለዚህ ነው ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ከመጥፎ ነገር ጋር የሚሄደው። በእንግሊዝኛ ጋዜጦችና መጻሕፍት የምታገኙት ሥር ስለ ሰደደ ድህነት፣ ስለ ጾታ አድልዎ፣ ስለ ሙስና፣ ስለ ግጭት፣ ስለ ግትር አቋም ሲወራ ነው። ጥቅማቸው እንዳይነካ የሚከላከሉ ባለሥልጣናትና ነጋዴዎችም በዚሁ ቃል ይገለጻሉ። ከፊቱ «ዲፕሊ» ወይም «ፈርምሊ» የሚሉ ተውሳከ ግሦች ይገቡበታል። ከኋላው ደግሞ ነገሩ የመሸገበትን ቦታ ለማሳየት «ኢን» የሚለው መስተዋድድ ይከተለዋል፤ በባህል ውስጥ፣ በአስተሳሰብ ውስጥ፣ በአሠራር ውስጥ እንደማለት። «ኦን» አይደለም፤ ይህን ስሕተት ፈተና ላይ በየዓመቱ አየዋለሁ።

አንዳንዴ ግን ቃሉ ጥሩም መጥፎም ሳይሆን በመሐል ይቆማል። ስልካችሁ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል መጻፊያውን ብትከፍቱ፣ በላይኛው መስመር በስተግራ የሚጀምሩት ስድስት ፊደላት «ክወርቲ» ተብለው የሚነበቡ ናቸው። ይህ አደራደር እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ለጽሕፈት መኪና የተዘጋጀ ነው። ከዚያ በኋላ የተሻለ ነው የተባለ ሌላ አደራደር ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ጣቱ የለመደውን ሰው ሁሉ እንደገና ማስተማር ስለማይቻል የቀድሞው እንዳለ ቀረ። መኪናው ከጠፋ በኋላም አደራደሩ ስልክ ላይ ወጣ። ይህ «ኢንትሬንችድ» ነው፤ ማንንም አልበደለም፤ ግን ከቦታው አይነሣም።

በሕግ ቋንቋ ደግሞ ቃሉ ጥሩ ትርጉም ይይዛል። አንዳንድ የሕገ መንግሥት አንቀጾች ነገ የመጣ ሁሉ እንዳይሽራቸው ሆን ተብሎ ምሽግ ይቆፈርላቸዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውን የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት ተመልከቱ። በአንቀጽ 105 መሠረት፣ በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትን መብቶችና ነፃነቶች ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ ማጽደቅ አለባቸው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው። አንድ ክልል እንኳ እምቢ ካለ አይሻሻሉም። አንቀጽ 105 ራሱም በዚሁ ጥበቃ ሥር ነው፤ በር ጠባቂውን አስወግዶ መግባት እንዳይቻል። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የጀርመን መሠረታዊ ሕግ ከዚህም አልፎ፣ የሰው ልጅ ክብር የማይደፈር ነው የሚለው መርህ በማናቸውም ድምፅ ብዛት እንዳይነካ ከልክሏል። የሕግ ባለሙያዎች እንዲህ ያሉትን አንቀጾች «ኢንትሬንችድ» ይሏቸዋል፤ በዚህ ቦታ ቃሉ ዘለፋ ሳይሆን ጥበቃ ነው።

እንግዲህ ይህን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ «ይህን ነገር ሊለውጥ የሚሞክር አለ? ነገሩስ እምቢ ይላል?» መልሱ አዎ ከሆነ ቃሉ ቦታው ነው። አይደለም ከሆነ ሌላ ቃል ፈልጉ።

ጎረቤት ቃላት

እንግሊዝኛ ለጸና ነገር ብዙ ቃላት አሉት። እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው።

«ኢስታብሊሽድ» ከሁሉ የሰፋውና ጨዋው ነው። የተመሠረተ፣ የታወቀ፣ ቦታውን የያዘ ማለት ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለሱቅ፣ ለሐኪም፣ ለማኅበረሰብ ይሆናል። ከፊቱ «ሎንግ» ሲገባበት ረጅም ዕድሜ ያስቆጠረ ማለት ይሆናል። ክብር አለበት፤ ጠብ የለበትም።

«ሴትልድ» የሰፈረ፣ የረጋ ማለት ነው። ከጉዞ በኋላ ዕቃውን አውርዶ የተቀመጠ ሰው ይባልበታል። ክርክሩ ያለቀለት ጉዳይም እንዲሁ።

«ዲፕ ሩትድ» የኛን «ሥር የሰደደ» የሚመስለው እሱ ነው፤ በቀጥታም ሥሩ የጠለቀ ማለት ነው። ለክፉም ለደግም ይሆናል። ሥሩ የጠለቀ ጥላቻ ይባላል፤ ሥሩ የጠለቀ እምነትም ይባላል።

«ኢንግሬይንድ» የመጣው ከማቅለሚያ ነው። ድሮ አውሮፓውያን ከደረቀ ትንሽ ነፍሳት የሚያወጡት፣ በቀላሉ የማይለቅ ቀይ ቀለም ነበር። ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ክሩ ድረስ የዘለቀ ቀለም እንደማለት ነው። ስለዚህ በሰው ጠባይ ውስጥ የሰረጸ ነገር በዚህ ቃል ይገለጻል።

«ክሮኒክ» ከግሪክኛ ጊዜ ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን ለረጅም ጊዜ ለሚቆይ በሽታ ይነገራል። ስኳርና የደም ግፊት እንዲህ ይባላሉ፤ «ኢንትሬንችድ» ግን አይባሉም።

በአማርኛችንስ?

የልጅቷ ስሕተት የተፈጠረው ከአማርኛው በኩልም ነው። እኛ ለአብዛኛዎቹ ከላይ ለዘረዘርኳቸው ቃላት «ሥር የሰደደ» በሚለው አንድ ሐረግ እንጠቀማለን። ሥር የሰደደ ችግር፣ ሥር የሰደደ በሽታ፣ ሥር የሰደደ ወዳጅነት እንላለን። ሁሉም ትክክል ነው፤ ግን ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ መንገዱ ይለያያል።

ደግሞ አማርኛችን ድሀ አይደለም። ብናስተውለው ለእያንዳንዱ የሚሆን ቃል አለው። «ሰረጸ» የሚለው ወደ ውስጥ ዘልቆ የገባን ነገር ይገልጻል። «ጸና» በጎ ነው፤ የጸና ትዳር፣ የጸና እምነት እንላለን። «ተጣባ» ክፉ ነው፤ የተጣባው አመል ማለት ሊላቀቀው ያልቻለ ማለት ነው። «መሸገ» ደግሞ አለ። በሐሳቡ ድርቅ ያለን ሰው «አቋሙ ላይ መሽጓል» ብንለው ማንም ይገባዋል። «ኢንትሬንችድ» ለሚለው ቃል ከሁሉ የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል።

በሥርና በምሽግ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ሥር በራሱ ያድጋል፤ ማንም አያዝዘውም። ምሽግ ግን በሰው እጅ ነው የሚቆፈረው። ስለዚህ አንድ ነገር «ኢንትሬንችድ» ነው ስንል፣ ሳናስበውም ቢሆን፣ የቆፈረው ሰው አለ እያልን ነው። የተቆፈረ ነገር ደግሞ አድካሚ ቢሆንም ይደፈናል። ይህ ነጥብ ለቀጣዩ ሐሳቤ መሠረት ስለሆነ ያዙልኝ።

ከማሽላ ማሳ የተገኘ ትምህርት

የገዳሪፍ ልጅ ሆኖ ማሽላ ማሳ ውስጥ ያቺን ሐምራዊ አበባ ያላየ የለም። በአማርኛ አቀንጭራ እንላታለን፤ ሱዳኖች «ቡዳ» ይሏታል። በእኛ ቋንቋ ቡዳ ምን ማለት እንደሆነ ስታስቡ ስሙ ሳያስቃችሁ አይቀርም፤ ሥራዋ ግን ከስሙ የራቀ አይደለም። ሥሯን ከማሽላው ሥር ጋር አገናኝታ ውኃውንና ምግቡን ትመጠምጠዋለች። ማሽላው ዝናብ እያለ ይጠወልጋል።

ገበሬው ይነቅላታል፤ በሚቀጥለው ኸሪፍ ትመለሳለች። ለምን ቢባል አንዷ ተክል በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር፣ አቧራ የሚያህል ዘር ትረጫለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት መቆየት ይችላል። ከላይ የምናየው ተክል ብቻ ነው፤ የመሸገው ዘሩ ነው። በአንድ መሬት ላይ በየዓመቱ ማሽላ ብቻ መዝራት ደግሞ ምሽጉን ያጠልቅለታል። ይህ በትክክል «ኢንትሬንችድ» የሚባል ችግር ነው።

ታዲያ ማን ደፈረው? ከደፈሩት አንዱ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ወሎንኮሚ በሚባል የገጠር አካባቢ ነው የተወለዱት። እናታቸው ልጄ ይማርልኝ ብለው ስለቆረጡ፣ ገቢሳ በልጅነታቸው እሑድ እሑድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ሄደው ሳምንቱን ሲማሩ ሰንብተው ዓርብ ይመለሱ ነበር። ጅማ፣ ዓለማያ፣ ከዚያም አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ለምርምር የመጡት እዚህ ሱዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ድርቅ የሚቋቋምና ምርታማ የሆነ «ሐጂን ዱራ አንድ» የተባለ ድቃይ የማሽላ ዝርያ ለሱዳን ገበሬ እንዲደርስ አደረጉ።

ከዚያ ወደ አቀንጭራ ዞሩ። እሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው የተከተሉት መንገድ ከመንቀል የተለየ ነበር። የአቀንጭራ ዘር ከምሽጉ የሚወጣው መቼ ነው ብለው ጠየቁ። ዘሩ የሚበቅለው ከማሽላው ሥር የሚወጣ አንድ ኬሚካል ሲደርሰው ብቻ ነው። ምልክቱን ካላገኘ ተኝቶ ይቆያል። እንግዲያው ያን ምልክት እምብዛም የማይሰጡ የማሽላ ዓይነቶችን መርጠው አዳቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ሱዳንንና ኢትዮጵያን ጨምሮ ለበርካታ የአፍሪካ አገሮች ተሰራጩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሮፌሰሩ የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። «ኢንትሬንችድ» ማለት የማይነቀል ማለት አይደለም። በመግፋት ብቻ አይነሣም ማለት ነው። ነገሩ በምን እንደሚኖር ሳያውቁ ከላይ ከላይ ቢነቅሉት ተመልሶ ይበቅላል።

በእኛ መካከል የመሸገው

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ «ኢንትሬንችድ» የሚባል ነገር ቢኖር ምንድን ነው? ብዙ አሰብኩበት። መልሴ አንድ ቃል ነው፦ «ለጊዜው»።

ራኩባ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከእንጨትና ከሣር ተሠርቶ ለጥላ የሚቆም ነገር ነው፤ ለጊዜው የሚሠራ። ኡም ራኩባ የሚባለው ሰፈር ስሙን ከዚሁ ነው ያገኘው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ወገኖቻችንን አስጠለለ። ከዚያ ከ36 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹትን ለመቀበል እንደገና ተከፈተ። ለጊዜው የተባለ ቦታ ሁለት ትውልድ አየ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን፣ ከአንድ አገር የመጡ 25,000 እና ከዚያ በላይ ሰዎች 5 ዓመትና ከዚያ በላይ በስደት ሲቆዩ ሁኔታውን «ፕሮትራክትድ» ይለዋል፤ የተራዘመ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ «ኢንትሬንችድ» አላለም። መራዘም የጊዜ ጉዳይ ነው፤ መመሸግ የእምቢታ ጉዳይ ነው። ስደቱን እኛ አልቆፈርነውም፤ ረዘመብን እንጂ።

«ለጊዜው» የሚለውን አስተሳሰብ ግን የቆፈርነው እኛ ነን። ለጊዜው ነው የምንኖረው ስለምንል የልጁን ትምህርት እንደ ጊዜያዊ ነገር እናየዋለን። በየዓመቱ በዚህ ትምህርት ቤት የማየውን ልንገራችሁ። ትምህርት በመስከረም ይከፈታል። ወዲያው ሰሊጥ ይደርሳል። ሰሊጥ አይጠብቅም፤ ፍሬው ከተከፈተ ይረግፋል፤ ስለዚህ አጫጅ ይፈለጋል፤ ክፍያም አለ። ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል ያሉ ወንዶች ልጆች «ለሰሊጥ ብቻ ነው፤ እመለሳለሁ» ብለው ይሄዳሉ። ከሰሊጥ በኋላ ማሽላ ይመጣል። ማሽላው ሲያልቅ ጥር ይገባል። ልጁ ሊመለስ ቢያስብ እንኳ የክፍል ጓደኞቹ ርቀውታል፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃል። በሚቀጥለው ዓመት ከታናናሾቹ ጋር መቀመጥ ያፍራል። እንዲህ እያለ ይቀራል። ሴቶቹ ልጆች ደግሞ እናት ለሻይ ሥራ ስትወጣ ታናናሾቻቸውን ለመጠበቅ «ለጊዜው» ይቀራሉ።

እኔ ለብዙ ዓመታት ይህን በመግፋት ልለውጠው ሞክሬአለሁ። ወላጅ ጠርቼ ተቆጥቻለሁ። ዘግይቶ የመጣውን ልጅ በር ላይ አቁሜ አሳፍሬ መልሻለሁ። ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል፤ የሚበዛው ልጅ እንዲቀር ያደረገው ኀፍረቱ ሆኖ ሳለ፣ እኔ ኀፍረት ስጨምርበት ነበር። ከላይ እየነቀልኩ ከታች ዘር እረጭ ነበር ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ከመምህራኑ ጋር ተመካክረን ሌላ መንገድ ጀመርን። ልጁ ሲሄድ ስሙ ከመዝገብ አይሰረዝም፤ ወንበሩም ይጠብቀዋል። ሊሄድ ሲል የሚያነበውን ጥቂት ገጽ ይዞ ይሄዳል። በጥር ለሚመለሱት ከሰዓት በኋላ የማካካሻ ትምህርት አለ፤ ለብቻቸው ስለሚማሩ ከታናሽ ጋር የሚያስቀምጣቸው የለም። በር ላይ የምንጠይቃቸው «ለምን ቀረህ?» ብለን ሳይሆን «የት ደረስክ?» ብለን ነው። ሁሉም አልተመለሱም። የተመለሱ ግን አሉ፤ በዚህ መጽሔት የተመራቂዎች ገጽ ላይ ፎቶአቸው የወጣም አሉ። ማን እንደሆኑ እነሱ ያውቃሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ሰሊጡ እንጀራ እንደሆነ አውቃለሁ። አትሥሩ አልልም። የምለምናችሁ ልጁን «በጥር ትመለሳለህ» ብላችሁ እንድትሸኙት፣ ጥር ሲገባም እጁን ይዛችሁ እንድታመጡት ነው። ምሽጉ የሚደፈነው በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው። ወደ አገራችን ነገ ብንመለስም፣ እዚህ ብንቆይም፣ ወደ ሌላ አገር ብንሻገርም ልጁ የተማረውን ማንም አያስቀርበትም።

ማመልከቻው እንዴት ሆነ?

ልጅቷ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ «ታዲያ እኛን ምን እንበለን፣ ቲቸር?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። «አንቺ ምን ትያለሽ?» አልኳት። ወረቀቱን ይዛ ሄደች። በማግሥቱ አስተካክላ አመጣችው። ስለ ማኅበረሰቡ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር «ሎንግ ኢስታብሊሽድ» በሚለው ተተክቷል፤ ረጅም ዕድሜ ያስቆጠረ፣ ቦታውን የያዘ ማኅበረሰብ። «ኢንትሬንችድ» የሚለውን ግን አልጣለችውም። ወደ ሦስተኛው አንቀጽ ወስዳዋለች። ተምራ ስትመለስ ልትሠራ የምታስበውን ስትገልጽ፣ በመኸር ወቅት ልጆች ትምህርት የሚያቋርጡበትን «ኢንትሬንችድ» ልማድ መለወጥ እፈልጋለሁ ብላ ጽፋለች።

ቃሉ ቦታውን አገኘ። እርማት የሚያስፈልገው ስላላገኘሁ ፈርሜ ሰጠኋት።

ለክረምቱ አንድ ትንሽ የቤት ሥራ ለሁላችሁም እሰጣለሁ። በቤታችሁ፣ በሰፈራችሁ ወይም በራሳችሁ ላይ «ኢንትሬንችድ» የሚባል አንድ ነገር ፈልጉ። በአንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ከዚያ በአማርኛ ሁለት ጥያቄ መልሱ፦ ማን ቆፈረው? በምንስ ይኖራል? መስከረም ስንገናኝ አብረን እናነበዋለን።

መልካም የክረምት ጊዜ ይሁንላችሁ።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር